የቤታችን ስልክ መንገድ የሚጠይቀው ማንን ነው?

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር



ሰብሳቢያችን «ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት ንገሪን» ስትለኝ «ለየትኛዋ አባል?» ብዬ ጠየቅኋት። ከመካከላችን ቤቷ ዋይፋይ ያስገባች አለች። ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ብቻ የያዘች አለች። ስልኩ በስሟ ሆኖ ቀኑን ሙሉ በልጇ እጅ የሚውልባት ደግሞ ብዙ ናት። «ለሦስቱም» አለችኝ። እንግዲህ ለሦስቱም ይሁን። ተራ ስልክ ያላችሁ «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ጥጡን ብቻ እንዳትፈትሉ። ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ነገ ስማርት ስልክ ይዞ እቤት መግባቱ አይቀርም።

የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ ዲኤንኤስ ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ። ገንዘብ አይከፈልበትም፣ አዲስ ዕቃ አይገዛለትም፣ ስልክ ላይ ለማስተካከል አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ምን እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ። ምን እንደማይሠራ ግን ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም የሚያታልለን የማይሠራውን ይሠራል ብለን ስንተኛ ነው።

አንድ እንግዳ ሰው ደብረ ታቦር ገብቶ የአንዳችንን ቤት ቢፈልግ ምን ያደርጋል? የቤት ቁጥር ይዞ አይመጣም፤ ቢይዝም ቁጥሩን አይቶ የሚያሳየው የለም። መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ጎራ ብሎ «የእትዬ እገሊት ቤት በየት በኩል ነው?» ይላል። ባለሱቋም «በዚህ ውረድና ከወፍጮ ቤቱ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታገኛለህ» ትለዋለች። ሰውየው ስም ይዞ መጣ፣ አቅጣጫ ይዞ ሄደ።

ስልካችንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ እያንዳንዱ ገጽ ያለበት ኮምፒውተር ቁጥር አለው፤ ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በዚያ ቁጥር ነው። እኛ ግን ቁጥር አንይዝም፤ ስም ነው የምንጽፈው። ስለዚህ ስልኩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ዞር ብሎ «እንዲህ የሚባለው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ኮምፒውተር የስም መዝገብ ያዥ ነው። ዲኤንኤስ የሚባለው ይህ የመጠየቅና የመመለስ ሥርዓት ነው። ልጃችሁ አንድ ጊዜ ስልኩን ሲነካ ስልኩ አሥርና ሃያ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ማስታወቂያውም፣ ሥዕሉም፣ ቪዲዮውም የየራሱ ቤት አለው።

መዝገቡን በመጀመሪያ የያዘችው ማን እንደነበረች ሳነብ ደስ ስላለኝ ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ገና በጣት በሚቆጠሩ ተቋማት መካከል ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ኤልሳቤጥ ፋይንለር የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እሷ የምትመራው ክፍል የኮምፒውተሮቹን ስምና ቁጥር በአንድ ዝርዝር ይይዝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው ወደነሱ ደውሎ ያስመዘግብ ነበር። ልክ የእኛ ጸሐፊ የአባላትን ስም በደብተር እንደምትይዘው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ደብተሩ አልበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሰው መዝገቡን ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያከፋፍለውን የዛሬውን ሥርዓት ነደፈ። ይህን ያነሣሁት «ይሄ የወንዶች ነገር ነው» የሚል ሐሳብ ያላት ካለች እንድትተወው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ማንም ካልነካው በቀር ስልካችን የሚጠይቀው ካርዱን የሸጠልን ድርጅት የመደበለትን መዝገብ ያዥ ነው። ያ መዝገብ ያዥ ልጆች ያሉበትን ቤትና የሌሉበትን ቤት ለይቶ አይመልስም፤ ሥራውም አይደለም። ነገር ግን የምንጠይቀውን ሰው መምረጥ እንችላለን። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዓለም ላይ መጥፎ መጥፎዎቹን ቤቶች የሚያውቁና ሲጠየቁ «እንዲህ የሚባል ቤት አላውቅም» ብለው የሚመልሱ መዝገብ ያዦች አሉ። አቅጣጫ ያጣ ስልክ ደግሞ የትም አይደርስም።

ክላውድፍሌር የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ለቤተሰብ ብሎ ሁለት በነፃ አወጣ። 1.1.1.2 የሚባለው ቫይረስ የሚያስገቡና ሰው የሚያጭበረብሩ ገጾችን ብቻ ይከለክላል። 1.1.1.3 ደግሞ በዚያ ላይ የብልግና ገጾችን ይጨምራል፤ እንዲህ ያለ ገጽ ሲጠየቅ 0.0.0.0 ብሎ ይመልሳል፤ ይህም «ቤት የለም» እንደማለት ነው። ከሱ በፊት የነበረው ኦፕን ዲኤንኤስ፣ ዛሬ የሲስኮ ንብረት ነው፣ 208.67.222.123 የሚል የቤተሰብ ቁጥር አለው። ክሊን ብራውዚንግ የሚባለው ደግሞ 185.228.168.168 ነው። ይሄኛው ጠበቅ ያለ ነው፤ ጎግልና ዩቲዩብም ለልጅ የማይሆነውን ከፍለጋው እንዲያወጡ ያስገድዳል። እኔ በቤቴ ያደረግሁት 1.1.1.3ን ነው። ትንንሽ ልጆች ብቻ ላሉባት ግን ክሊን ብራውዚንግን እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ልጆቻችን ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የጎረቤቴ ልጅ የሳይንስ መጽሐፍ በነፃ ለማውረድ ፈለገች። ገጹን አገኘችው። «አውርድ» የሚል የሚመስል ቁልፍ አለ፤ ነካችው። ማስታወቂያ ነበር። ከዚያ የተከፈተውን እናቷ ስታየው ስልኩን ነጥቃ ልጅቷን መታቻት። ልጅቷ አንድም ጥፋት አልነበረባትም፤ መጽሐፍ ነበር የፈለገችው። ነፃ መጽሐፍ፣ ነፃ ፊልም፣ ነፃ መዝሙር የሚሰጡ ብዙ ገጾች የሚተዳደሩት በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ ነው። ማጣሪያው የሚጠቅመው በተለይ እዚህ ጋ ነው፤ ሳይፈለግ የሚመጣውን ያስቀራል። ልጅቷ ያንን ቁልፍ ብትነካውም ባዶ ገጽ ታይና ተመልሳ መጽሐፏን ትፈልግ ነበር።

ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ እናቶችን ነው የሚመለከተው። ባለፈው በጋ ከአባሎቻችን አንዷ በቴሌግራም መልእክት ደረሳት። የታወቀ ድርጅት ዓርማ ተለጥፎበት «ዕድለኛ ሆነዋል፤ ሽልማትዎን ለመቀበል ይህን ይጫኑ» ይላል። ተጫነችው። የተከፈተው ገጽ ስልክ ቁጥሯን፣ የምሥጢር ቁጥሯን፣ ቀጥሎም በአጭር መልእክት የገባላትን ኮድ ጠየቃት። ሞላች። በማግሥቱ ለዘር ድንች መግዣ ያጠራቀመችው ገንዘብ አልነበረም። እዚሁ ተቀምጣለች፤ ስሜን ሳትጠሪ ተናገሪው ብላኛለች። ባሏ ለሳምንት አላናገራትም። የሰረቃት ሰው ግን ሌላ ሃምሳ ሴት እያናገረ ነበር።

እንዲህ ያለው ገጽ በማጣሪያው መዝገብ ውስጥ ከገባ፣ ሊንኩን ብትነኪው እንኳ አይከፈትም። ከገባ አልኩ። አጭበርባሪው ገጹን ዛሬ ጠዋት ከፍቶ ማታ ይዘጋዋል፤ መዝገብ ያዦቹ ደግሞ ውጭ አገር ናቸው፤ በአማርኛ ተጽፎ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ብቻ የሚዞርን ማጭበርበሪያ ወዲያው ላይደርሱበት ይችላሉ። ስለዚህ ማጣሪያው ቢኖርም ባይኖርም የምሥጢር ቁጥር በማንኛውም ገጽ ላይ አይሞላም፣ ለማንም አይነገርም። ቢሆንም የየቡድኑ ገንዘብ ያዦች ስልክ ከሁሉም አስቀድሞ ይስተካከል እላለሁ። የሃያ ሴት ቁጠባ የሚያልፍበት ስልክ ነው።

አሁን እንዴት እንደሚደረግ። ዋይፋይ ያላችሁ ከሞደሙ ትጀምራላችሁ። ሞደሙን ገልብጣችሁ ብታዩት የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ በእሱ ላይ የሞደሙ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ ከመግቢያ ስምና ከይለፍ ቃል ጋር ተጽፏል። አድራሻውን ጎግል በምትጽፉበት ቦታ ትጽፉና ትገባላችሁ። ላን ወይም ዲኤችሲፒ በሚለው ሥር ዲኤንኤስ የሚል ሁለት ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ። በአንዱ 1.1.1.3፣ በሌላው 1.0.0.3 ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ። ሞደሙን አጥፍታችሁ ታበሩታላችሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ዋይፋይ የሚገባ ስልክም ቴሌቪዥንም የሚጠይቀው አዲሷን ባለሱቅ ነው። አንዳንድ ሞደም ይህን መቀየር አይፈቅድም፤ ያኔ ስልክ በስልክ ማድረግ ነው።

ሞደሙ ውስጥ ከገባችሁ አይቀር የመግቢያውን ይለፍ ቃል ቀይሩት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስንቶቻችን ነን የቤታችንን ሞደም ይለፍ ቃል የምናውቅ? እጅ አውጡ ብላችሁ አሁን የሚወጣው ሦስት ቢሆን ነው። የምናውቀው የዋይፋዩን ነው፤ የሞደሙ የራሱ ሌላ ነው። እሱን የሚያውቀው ወይ የገጠመው ልጅ ነው፣ ወይ የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ነው፣ ወይ ማንም አያውቀውም፤ ፋብሪካው እንደጻፈው ተቀምጧል። የጎተራውን ቁልፍ ለልጅ የምትሰጥ እናት እዚህ አላይም። የጓዳ ቁልፍ በወገባችን እናስራለን። ይሄኛውም የጓዳ ቁልፍ ነው። አባወራውና እማወራዋ ይወቁት፤ በደብተር ይጻፍና ከቁጠባ ደብተራችሁ ጋር ይቀመጥ።

ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ አንድ ዋይፋይ የምትጠቀሙ አላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ሳትነጋገሩ አትቀይሩ። የእናንተ ማጣሪያ በእነሱም ስልክ ላይ ይሠራል፤ «ማን ነው ኢንተርኔቴን የዘጋው?» የሚል ጠብ ይመጣል። ቡና ጠርታችሁ ንገሯቸው። አብዛኛው ሰው ሲነገረው ደስ ይለዋል።

ዋይፋይ የሌላችሁ፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ ኢንተርኔታችን ያለው በስልኩ ውስጥ ነው። አንድሮይድ 9 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስልክ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያለው ማለት ነው፣ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለው። ሴቲንግ ትገባላችሁ፣ ኔትወርክ የሚለውን ትከፍታላችሁ፣ ፕራይቬት ዲኤንኤስ ይላል። ሳምሰንግ ላይ ኮኔክሽን ከሚለው ውስጥ ሞር ኮኔክሽን ሴቲንግ የሚለው ሥር ነው። እዚያ ቁጥር ሳይሆን ስም ነው የሚጻፈው። የክላውድፍሌሩ ፋሚሊ፣ ነጥብ፣ ክላውድፍሌር፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም ነው። ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበትን ወረቀት ጸሐፊያችን ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ መሥራቱን የምትፈትሹበት ገጽም አብሮ አለ። ይህ ከሞደሙ የሚሻልበት ነገር አለው፤ ስልኩ በዋይፋይም በካርድም ቢጠቀም፣ ልጁ ትምህርት ቤትም ቢሆን ገበያም ቢሆን ማጣሪያው አብሮት ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። በዚህ መንገድ ስታስተካክሉት ስልኩ ያንን መዝገብ ያዥ ካላገኘው ሌላ አይጠይቅም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኔትወርክ በደከመ ቀን ኢንተርኔቱ ጨርሶ የጠፋ ይመስላችኋል። ያኔ እዚያው ቦታ ገብታችሁ አውቶማቲክ የሚለውን ምረጡ፤ ኔትወርኩ ሲሻል ደግሞ መልሱት። ይህን ሳታውቁ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።

አሁን ደግሞ የማይሠራው።

ባለሱቋ ቤቱን ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ የሚደረገውን አታይም። ዩቲዩብ አንድ ቤት ነው፤ ቲክቶክ አንድ ቤት ነው፤ ቴሌግራም አንድ ቤት ነው። ክሊን ብራውዚንግ ዩቲዩብ ላይ ከሚያስገድደው በቀር፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ። ቴሌግራም ውስጥ ያለ መጥፎ ቻናልን ከመዝሙር ቻናል ለይቶ የሚያጣራ ዲኤንኤስ የለም። ልጆቻችን ደግሞ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በነዚህ ሦስቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ አስገባሁ ብላ ስልኩን ለልጇ ሰጥታ ወደ ገበያ የምትሄድ እናት አጥር አጥራ በሩን ክፍት እንደተወች ናት።

መንገዱን የሚያውቅ ሰውም ባለሱቅ አይጠይቅም። ቪፒኤን የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ እስከ ክረምቱ ድረስ ቪፒኤን ያላወረደ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጆቻችን ያኔ ተምረውታል፤ አስተማሪያቸው ችግሩ ነው። ቪፒኤን የበራበት ስልክ የእኛን ባለሱቅ ላይጠይቅ ይችላል፤ በሌላ በር ይወጣል። ከላይ የጠቀስኩት ክሊን ብራውዚንግ የታወቁ የቪፒኤን ገጾችን ይዘጋል፤ ቀድሞ የተጫነውን ግን አያወጣም። በልጅ ስልክ ላይ የቁልፍ ወይም የጋሻ ሥዕል ያለው የማታውቁት አፕ ካያችሁ ምን እንደሆነ ጠይቁት። ለምን እንዳስገባው መልሱን ስሙ፤ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ያንን የ2015ቱን ጊዜ ነው።

ፍላሽስ? ሜሞሪስ? በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ፊልሙም ዘፈኑም የዞረው በሜሞሪ ካርድ ነው። ዛሬም ከፊልም ቤት በጥቂት ብር የሚጫን፣ ከጓደኛ በብሉቱዝ የሚተላለፍ ብዙ ነው። ለዚህ ምንም ዓይነት ዲኤንኤስ አይደርስለትም፤ ኢንተርኔት የለበትማ። የጓደኛ ስልክም እንደዚያው ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰው ነው። ልጃችሁን በጨዋታ ውስጥ ወይም በቴሌግራም የሚያናግር ትልቅ ሰው፣ ፎቶ ላኪልኝ የሚል፣ ከላከች በኋላ ለቤተሰብሽ እናገራለሁ ብሎ የሚያስፈራራ። ወይም ዓረብ አገር ጥሩ ሥራ አለ፣ ቪዛሽን እኔ አወጣለሁ የሚል። ይህን የሚያቆም ማሽን አላውቅም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በ12ኛው አንቀጹ በአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን የብልግና ድርጊት ወንጀል ብሎ ደንግጓል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመ መልእክቱን አታጥፉ፤ ከነቁጥሩና ከነስሙ ፎቶ አንሡትና ፖሊስ ዘንድ ሂዱ። ልጅቷን ግን አትምቷት። የምትመታ መሆኗን ካወቀች አትነግራችሁም፤ ያ ሰው የሚተማመነውም በዚሁ ነው።

ይህ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል። ማጣሪያውን በድብቅ አታስገቡት። አንዳንዶቻችሁ «ልጁ ሳያውቅ» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አይሆንም። አንደኛ፣ ያውቀዋል፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ነው ስልኩን የሚያውቀው። ሁለተኛ፣ ማጣሪያው ይሳሳታል። ስለ ጡት ካንሰር፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ወሊድ የሚያስተምር ገጽ ተሳስቶ ሊዘጋ ይችላል። ሴት ልጃችሁ ማወቅ የሚገባትን ፈልጋ ባዶ ገጽ ብታገኝ፣ «እማዬ፣ ይሄ ዘጋብኝ» ልትላችሁ መቻል አለባት። ምን እንደተዘጋና ለምን እንደተዘጋ የምታውቅ ልጅ ትጠይቃለች፤ በድብቅ የተዘጋባት ልጅ ሌላ በር ትፈልጋለች። እኔ ለልጆቼ «ቤታችን ውስጥ ያለማንኳኳት የሚገባ ሰው የለም፤ ስልኩም እንደዚያው ነው» አልኳቸው። ትልቁ ልጄ «ታዲያ የአባቴስ ስልክ?» አለኝ። እውነት አለው። የአባቱም የእኔም አብሮ ገባ።

አንዲት እህት ደግሞ ቅድም በእረፍት ሰዓት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ታዲያ ያ መዝገብ ያዥ የምንሄድበትን ሁሉ ያውቃል ማለት ነው?» አዎ። የት ቤት እንደጠየቃችሁ ያውቃል፤ ቤቱ ገብታችሁ ያወራችሁትን አያውቅም። ከዚህ በፊትም ያውቅ የነበረ አለ፤ እኛ የቀየርነው ማን እንደሚያውቅ ነው። ክላውድፍሌር መረጃውን ለማስታወቂያ አልሸጥም ይላል፤ ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በሁለቱ መካከል መዝኜ ልጆቼን መረጥሁ። ሌላዋ በሌላ መንገድ ብትመዝን አልወቅሳትም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ፤ እንዳታዝኑብኝ። ለልጆች የኢንተርኔት ደኅንነት ተብሎ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም እንድንገዛ የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነበር። ፕሮግራሙ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ አልቆ ሁለተኛውን ማን ይከፍላል? በዶላር የሚከፈል ነገር ከዚህ ሆኖ መክፈል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የነገርኳችሁ ማጣሪያ በነፃ ነው። የጎደለን ፕሮግራም አይደለም፤ ከቤት ቤት እየዞረች ሞደም የምትከፍት፣ ስልክ የምታስተካክል፣ ለእናቲቱ በአማርኛ የምታስረዳ ሴት ናት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ክረምት ላይ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ከመካከላቸው የኛው አባላት ልጆች አሉ። ለአራት ሴት ልጆች የአንድ ወር የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ፣ ለሦስት መቶ ሉህ ወረቀት ማባዣ፣ ከዚህ በላይ አልጠይቅም። ወደ ጋይንትና ወደ እስቴ በኩል ያሉት ቡድኖቻችንም በዚያ ይደረስባቸዋል።

እንግዲህ ከዛሬ እንጀምር። የየቡድኑ ገንዘብ ያዦች ስልካችሁን ይዛችሁ በዚህ በኩል ባለው ጠረጴዛ ትመጣላችሁ፤ ልጄና የእትዬ ጸሐፊ ልጅ ይረዱኛል። ስልካችሁ የቆየ ከሆነና ፕራይቬት ዲኤንኤስ ከሌለው ሌላ መንገድ እናያለን። አይፎን ያላችሁ ሁለት ሴቶች ናችሁ፤ የእናንተ አሠራር ስለሚለይ መጨረሻ ላይ ቆዩኝ። ዋይፋይ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ሞደማችሁን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን በደብተር ጻፉና ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ወረቀቱ ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ፤ እሱን በሌላ ቀን ቤት መጥቼ ነው የማየው። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣን እንቀጥል።